አርባ ወይስ ሰማንያ

ጎንደር፣ ኅዳር 20 ቀን 1952 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለቄስ ሐብተ ማርያም፣ ደባርቅ

ይፍቱኝ አባቴ። መስቀልዎን ከዚሁ ሆኜ ተሳለምሁ። ወንድምነትዎን ግን ገና አልሳለምሁም፤ ተቆጥቻለሁና ቁጣዬን ልጨርስ።

ጭላዳዋ በደህና ገብታለች። እኔ የምሠራለት ፈረንጅ ዶክተር ሣጥኑን ሲከፍት ደስታውን አልቻለውም። እርጉዝ ጭላዳ ከስሜን ተራራ የሚያስይዝልኝ ወንድምሽ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር ብሎ ሰላምታውን ልኮልዎታል። ባንቺአየሁም ገብታለች። ሁለቱን በአንድ ማኪና መጫንዎን ግን ምን ብዬ ልለፈው? እርጉዝ ሚስትዎ ከሾፌሩ ከየሻው ጎን ቦታ አጥታ፣ ከኋላ ጀርባዋን ለዝንጀሮው ሣጥን ሰጥታ፣ ዳባትን አምባ ጊዮርጊስን በአቧራ ስትንገላታ ነው የመጣች። ሐኪም ይያት ብለው ላኩልኝ። ሐኪም ሳያያት በማግስቱ ጠዋት እኔው ቤት አስወረዳት።

ይህን በሾፌር አፍ ልሰድልዎ አልወደድሁም ነበር። የሻው ቀድሞኝ ነግሮዎታል፤ አፉ እንደ ማኪናው ፍሬን የለውም። አሁን ደሟ ቆሟል። ሾርባ ትጠጣለች። ትናንት ከሥራ ስመለስ ከአልጋዋ ወርዳ የእኔን ጥጥ ስትፈትል አገኘኋት፤ ተቆጣሁና እንዝርቱን ቀማኋት።

ሌላም ነገር ከየሻው ሰምቻለሁ። እናታችን «ልጅ የማታስቀርልህን ሴት ትተህ ሌላ አግባ» ማለቷን እንደገና ጀምራለች አሉ። ቄስ በቁርባን ያገባትን ትቶ ሌላ ካገባ ክህነቱ እንደሚፈርስ እናታችን የመሪጌታ ሚስት ሆና ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። አውቃ ነው የምትጠይቅዎ። ጆሮ አይስጧት።

ወንድ ነበር ወይስ ሴት ብለው በየሻው አፍ ለጠየቁኝ፤ ሚስትዎ ደህና ናት ወይ ከማለትዎ በፊት ይህን መጠየቅዎ ትንሽ አስከፍቶኛል። ነገር ግን ምክንያቱን አውቃለሁ። በእርስዎ ደብር የወረደው ቅርጽ ካወጣ እንደ ወለደች ትቆጠራለች፤ ለወንድ አርባ ቀን፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ትቆያለች። እሷም ደጋግማ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው። የገና በዓል በቤተ ክርስቲያን ያገኘኝ ይሆን ትላለች።

ወንድ ነበር። አርባዋን እኔ ዘንድ ትጨርስና ለገና እርስዎ ሲቀድሱ ቆማ ታስቀድሳለች።

እኅትዎ የዓለምወርቅ


ደባርቅ፣ ኅዳር 29 ቀን 1952 ዓ.ም.

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ይድረስ ለእኅቴ ለየዓለምወርቅ። የሰላም አምላክ ከደጅሽ አይራቅ። ስለ ማኪናው ይቅር በይኝ። ሌላ ማኪና እስኪመጣ ብጠብቅ ይዘገይባታል ብዬ ነው እንጂ ንቄያት አይደለም።

ደብዳቤሽን ከቅዳሴ ስወጣ ሰጡኝ፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብሁት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሲያስወርዳት ምን እንደነበር የነገረኝ ሰው የለም። ሴቶቹ ደም ነው ብለው አለፉት፤ እኔም ደም ነው ብዬ አለፍሁ። አሁን ግን ወንድ ነው አልሽኝ። ወንድ ልጅ ነበረኝ ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እህል አይወርድልኝም።

ለእናታችን ባልነገርኋት ደግ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ተቀመጠች። ላልተወለደ እንዲህ ሲለቀስ በአገሩ ታይቶ አያውቅም፤ ጎረቤቱ ግን እሷን ማስከፋት ፈርቶ እየመጣ ይቀመጣል። ጭላዳዎቹን በመረብ የሚይዝልን አላምረው እንኳ መጥቶ ተቀመጠና ከእንግዲህ አልይዝም ብሎ ማለ። እናታችን የምትለውን ልደብቅሽ አልችልም። እርጉዝ ሴት ዝንጀሮ አታይም ትላለች፤ እሷ ግን የልጅ ልጄን ተሸክማ ከዝንጀሮ ጋር ተጫነች ትላለች። የጫንኋት እኔ ነኝ ብዬ ዝም አሰኘኋት።

አንቺ ታውቂያለሽ። ድጓው ከአያታችን ወደ አባታችን፣ ከአባታችን ወደ እኔ የመጣ ነው። ማታ ማታ አባታችን በእግሩ መሬት እየመታ ሲያስጠናኝ አንቺ ከጓዳ ሆነሽ ከእኔ ቀድመሽ ትይዥው ነበር። እኔ ደግሞ ለማን ነው የምሰጠው? ይህን ሳስብ የእናታችን ነገር ሰይጣናዊ መስሎ አይታየኝም። ይህንን ለማንም አልተናገርሁም።

አርባው እስኪሞላ እዚያው ትሰንብት። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ልጄን የት ቀበራችሁት? ያልተጠመቀ ከቅጽር እንደማይገባ አውቃለሁ። በየትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ ብቻ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ቄስ ሐብተ ማርያም


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1952 ዓ.ም.

ይፍቱኝ አባቴ። እህል አይወርድልኝም ያሉትን ለባንቺአየሁ አላነበብሁላትም። ሰላም ብሎሻል አልኋት፤ ሌላስ አለችኝ፤ ሌላ የለም አልሁ። ለሷ ይህን ያህል መዋሸት ሥራ ሆኖብኛል።

በየትኛው ዛፍ ሥር ላሉኝ፤ በየትኛውም ዛፍ ሥር አይደለም። ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

እርስዎ ጭላዳዎቹን ሲልኩልን ፈረንጁ ምን እንደሚያደርግባቸው ጠይቀውኝ አያውቁም። መድኃኒት ይሠራ ይሆናል ብለው እንደተዉት እገምታለሁ። መድኃኒት አይደለም። ከእርጉዟ ጭላዳ ሆድ ጽንሱን ያወጣል፤ እኔ በሰም አደርቀዋለሁ፤ ከዚያ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ አድርጌ እቆርጥና በስስ የብርጭቆ ቁራጭ ላይ ለጥፌ ቀለም አጠጣዋለሁ። እሱ በማጉያ መነጽሩ ያየዋል። የሚፈልገው ዘሩን ነው። ጽንስ ገና እንደ ባቄላ ሳለ፣ ጣቱ ሳይለይ፣ ነገ እሱ ራሱ የሚወልድበት ዘር ተፈጥሮ ያልቃል። የሚገርመው ግን ዘሩ መጀመሪያ የሚታየው ከጽንሱ ገላ ውጭ፣ ከሆዱ በተንጠለጠለች ትንሽ ከረጢት ላይ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በአንጀቱ ጥግ ለጥግ እየተጓዘ ወደ ወገቡ ይመጣና እዚያ ያርፋል። በጭላዳም እንዲሁ ነው፣ በሰውም እንዲሁ ነው ይላሉ መጻሕፍቱ። ዶክተሩ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የማንኛው ዘር ቀድሞ እንደሚደርስ ማየት ፈለገ። የጭላዳውን እርስዎ ላኩለት። የሰው ግን አልነበረውም።

ባንቺአየሁን ጠይቄያታለሁ። ሳልጠይቅ አላደረግሁም። ትንሽ አሰበችና «ለምን እንደማይቀሩልኝ ከታወቀለት ይየው» አለች። ዶክተሩ የሚፈልገው ሌላ መሆኑን አልነገርኋትም። እናም ልጅዎ ያለው እኔ ከምሠራበት ቤት፣ ከመስኮቱ በታች ባለው መደርደሪያ፣ እርስዎ ባለፈው መስከረም ከላኩት ጭላዳ ልጅ አጠገብ ነው። በክብር ነው የያዝሁት። የቆረጥሁትም እኔው ነኝ።

ዘሩ ወገቡ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ እሱን በሌላ ቀን እጽፍልዎታለሁ።

የሻው ሽማግሎች ከቤትዎ ሲወጡ አየሁ ብሎኛል። ሽማግሌ ምን ይሠራል? ምነው፣ በእርሻ ተጣላችሁ? ባንቺአየሁ ለገና የምትለብሰውን ነጠላ ጥለት እያስጠለፈች ነው። ቀን ትቆጥራለች። ይህንን አንብበው ዝም እንዳይሉኝ።

እኅትዎ የዓለምወርቅ


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለየዓለምወርቅ።

አርባው ከትናንት በስቲያ ሞላ። አራስ መፍታት ነውር ነው ብዬ እስከዚያ ታገሥሁ። ከዚያ በላይ አልቻልሁም።

የባንቺአየሁን ሣጥን፣ አልባሳቷን፣ ከእናቷ ቤት ያመጣችውን ሁሉ አንድ ሳይጎድል በየሻው ማኪና ልኬያለሁ። ከላሞቹም ድርሻዋን ለወንድሟ ለአድማሴ አስረክቤያለሁ። በደል አላደረሰችብኝም። ይህንን በሽማግሎቹ ፊት ተናግሬያለሁ፤ ለሷም ንገሪልኝ።

መስቀሌንና የክህነት ልብሴን ለደብሩ ገበዝ ሰጥቻለሁ። ክህነት እንዲህ ሲደረግ እንደሚፈርስ ከአንቺ አልማርም። አውቄ ነው። ሌላ ቤት ሠርቼ ወንድ ልጅ ባገኝ ድጓውን አስተምረዋለሁ፤ እሱ ይቀድሳል፤ እኔ ከውጭ ቆሜ እሰማዋለሁ። ይህንን ያህል ነው የምመኘው።

ጭላዳዎቹን የላክሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም። እናቲቱን ከእነ ልጇ አስይዤ ለፈረንጅ ስሰጥ አንድም ቀን አልቆረቆረኝም። ነገር ግን ልጄን፣ ወንድ ልጄን፣ ከዝንጀሮ ጎን ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ፤ የቆረጥሽውም አንቺ ነሽ። ደብዳቤሽን ካነበብሁ በኋላ ልቤ ሌላ አግባ ለሚሉኝ ሽማግሎች ተከፈተ። እስከዚያ ድረስ እምቢ እላቸው ነበር።

ሐብተ ማርያም


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1952 ዓ.ም.

ይፍቱኝ አባቴ። ይህንን የምለው መስቀልዎ ገና ከገበዙ ቤት እንዳልራቀ ስለማምን ነው። ከገና በፊት እንዲደርስዎ የሻውን አስቁሜ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ እሷን ልንገርዎት። አርባው በሞላ ማግስት ገላዋን ታጥባ፣ አዲሱን ነጠላ ለብሳ ፊት ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አስቀድሳ መጣች። ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር። ቅርጫቷን አሰረች። ማኪናው ከበር ሲቆም ሊወስዳት የመጣ መስሏት ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጣ ወጣች። የሻው ሣጥኗን ያወርድላት ጀመር። «ይህ የእኔ ሣጥን ነው፤ ተሳስተህ ነው» አለችው። እሱ አቀርቅሮ ማውረዱን ቀጠለ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አሁን የምነግርዎትን ከእግዚአብሔር ፊት እንደቆምሁ አድርገው ይስሙኝ። ወንድ አልነበረም። ሴትም አልነበረም። በሌላ ቀን እጽፍልዎታለሁ ያልሁት ይህንን ነው። ዘሩ ከከረጢቷ ተነሥቶ ወገቡ ላይ ደርሶ እስኪያርፍና ቦታው እስኪበስል ድረስ፣ ጽንሱ ወንድ ይሁን ሴት በዶክተሩ ማጉያም አይለይም። በጭላዳም አይለይም፣ በሰውም አይለይም። በእርስዎ ልጅ ውስጥ ዘሩ ገና አንጀቱ ጥግ ነበር። ዶክተሩን አሥር ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ሁልጊዜ የሚመልስልኝ አንድ ነው፤ «ገና ነው» ይለኛል።

ወንድ ያልሁዎት ከራሴ ነው። አርባና ሰማንያን አየሁና አርባ ይሻላታል አልሁ። ገናን በቤተ ክርስቲያን እንድታገኝ ብዬ ነው። ሌላ ነገር ከልቤ አልነበረም። አንድ ቃል ሰውን ከትዳሩ ያስወጣል ብዬ ማን ይጠረጥራል? ሴት ብዬ ቢሆን ኖሮ እናታችን ነጠላዋን ባላዘቀዘቀች፤ እርስዎም ደም ነው ብለው ባለፉ ነበር። እንዲህ አይነት ሰው ነዎት ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ አድሬያለሁ። መልሱን አልወደድሁትም።

ለሷም ነገርኋት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ወደ ሥራሽ ቤት ውሰጂኝ አለች። ዶክተሩ ወጥቶ ነበርና አስገባኋት። ሁለቱን ብርጭቆ፣ የሷንና የጭላዳዋን፣ አንድ በአንድ በማጉያው አሳየኋት። ዘሩ የቱ እንደሆነ ነገርኋት። ረጅም ጊዜ አየች። የትኛው የእኔ ነው አላለችኝም። ቀና ብላ «ሁለቱም ገና መንገድ ላይ ናቸው» አለች። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታዲያ ሰማንያ ሊሆን ይችል ከነበረ ምነው ንጹሕ ሳልሆን ከቤተ መቅደስ አስገባሽኝ?» አለችኝ። አሁን ከፊት ሚካኤል ቅጽር ውጭ ቆማ ነው የምታስቀድሰው። ለሷ ብዬ ያደረግሁት እንዲህ ሆነላት።

አሁን እኔ ልለምንዎ። መስቀልዎን ከገበዙ ይቀበሉ። የሞተልዎ ወንድ ልጅ የለም። ያለችዎ ሚስት ናት።

እኅትዎ የዓለምወርቅ


ደባርቅ፣ ጥር 15 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለየዓለምወርቅ።

ደብዳቤሽ ከገና በፊት ደርሶኛል።

አንድ ጊዜ ወንድ አልሽኝ። አሁን ደግሞ ወንድም ሴትም አይደለም ትይኛለሽ። የቱን ልመን? ለሷ ስትይ አንዴ ከዋሸሽ ለሷ ስትይ ሁለተኛ ለመዋሸት ምን ያግድሻል? ሰዉ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ሌላ የምለው አለኝ። እውነትሽን ቢሆን እንኳ ልቤ አንዴ ልጄ ብሎ ተቀብሎታል። ተመልሶ ደም ነው በል ብለው አይልልኝም። ሞክሬዋለሁ።

ጥምቀትን ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አሳለፍሁ። ታቦቱን የተሸከመው ወልደ ዮሐንስ ነው፤ የእኔ ደቀ መዝሙር የነበረ። በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ለእኔ ብሎ ነው፤ ሸጋ ልጅ ነው።

የአያ ዳኛውን ልጅ አበቡን ለማግባት ቃል ተሰጥቷል። ከእንግዲህ ለዚያ ፈረንጅ አንድም ጭላዳ ከዚህ ተራራ አይወርድም።

ሐብተ ማርያም


ደባርቅ፣ መጋቢት 30 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለየዓለምወርቅ።

ከሁለት ዓመት በላይ ዝም ብዬ ዛሬ ብጽፍልሽ እንዳትቀጂው። እናታችን ስታርፍ መጥተሽ ሳታናግሪኝ መመለስሽን አልረሳሁም፤ ልክ ነበርሽ።

አበቡ ወንድ ልጅ ወለደች። ሸጋ ነው፤ እጁ የአባታችንን እጅ ይመስላል። ዛሬ አርባው ሞልቶ ክርስትና ተነሣ። ያጠመቀው ወልደ ዮሐንስ ነው። እኔ በተራዬ ከሰው ጋር ቆምሁ። ስንት የሰው ልጅ በእነዚህ እጆቼ ከውኃ አውጥቻለሁ፤ የራሴን ግን ሌላ ሰው ነው የያዘው። ሕፃኑ ሲያለቅስ የመጀመሪያው ትዝ አለኝና ከሰው መሐል ወጣሁ። ይህን የምጽፍልሽ ደስ ብሎኝ መሆን ነበረበት።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛው፣ ባንቺአየሁ ካንቺ ጋር መሆኗን ሰምቻለሁ። ልጄ በዚያች ሴት እንባ እንዳያድግ ይቅር ብዬሃለሁ ትበለኝ። ሁለተኛው፣ ማንም አይሰማንምና እውነቱን ንገሪኝ። ምን ነበር? ብርጭቆውም ካለ ላኪልኝ። ዛፍ ሥር አኖረዋለሁ።

ወንድምሽ ሐብተ ማርያም


ጎንደር፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለሐብተ ማርያም።

ይፍቱኝ ብዬ የምጀምርበት መስቀል ስለሌለ ከእንግዲህ አንተ እልሃለሁ። ታላቄ መሆንህን አልረሳሁም። ግን እርስዎ የምለው ሰው በዚያ የገና ዋዜማ ቀርቷል።

እንኳን ልጅህ ተወለደልህ። ይህንን ከልቤ ነው የምልህ፤ ሕፃኑ ምን አደረገ?

ብርጭቆው የለም። ዶክተሩ ባለፈው ዓመት ሥራውን ጨርሶ ሁሉንም በጥጥ በተሞላ ሣጥን ደርድሮ አገሩ ወሰደው። ሲያሽግ እኔው ነበርሁ የማቀብለው። አንዱን ለማስቀረት ለመንሁት፤ ከጭላዳዎቹ ጋር ካልሆነ ብቻውን አይጠቅምም፣ ከአንቺ ዘንድ ቢቀርም አይጠቅምሽም አለኝ። የአንተ ልጅና አንተ የላክሃት ጭላዳ ልጅ ዛሬ በማናውቀው አገር በአንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ዛፍ ሥር የምታኖረው ነገር የለህም።

ምን ነበር ላልኸኝ፤ አይታወቅም። ያኔም አይታወቅም ማለት ነበረብኝ። አንተ ለመቁጠር ቸኮልህ፣ እኔ ለመመለስ ቸኮልሁ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታዬን የምጠይቀው ከሷ ነው፣ ጠይቄያትማለሁ።

ባንቺአየሁ ደህና ናት። ጥሩ ፈታይ ሆናለች፤ የከተማው ሸማኔዎች ድሯን እየተሻሙ ይወስዱታል። ያን ጊዜ ሰማንያው እስኪያልፍ ከቅጽሩ ውጭ ስታስቀድስ ቆይታ ገባች። ስለ አንተ ክፉ ስትናገር ሰምቼያት አላውቅም፤ ደግም ስትናገር አልሰማሁም።

ደብዳቤህን አነበብሁላት። እንዝርቷን ሳታቆም ሰማችኝ። ይቅርታ የጠየቅህበት ጋ ስደርስ «እግዚአብሔር ያሳድግለት፤ እንባዬ ሕፃን አይከተልም በዪው» አለች። ከልቧ ነው፤ አውቃታለሁ። ልጅህን በዚህ አትፍራለት።

ከዚያ የድሮ ደብዳቤህን፣ ሣጥኗን የላክህ ጊዜ የጻፍኸውን፣ አምጪና አንብቢልኝ አለችኝ። እስካሁን ደብቄያት ነበር፤ እንዳስቀመጥሁት እንዴት እንዳወቀች እንጃ። አነበብሁላት። አራስ መፍታት ነውር ነው ብዬ እስከ አርባው ታገሥሁ ያልኸው ጋ ስደርስ እንዝርቷ ቆመ። ያንን ቦታ ድገሚው አለችኝ። ደገምሁት። ጥጧን ከጉልበቷ ላይ እያነሣች፣ እኔን ሳይሆን መስኮቱን እያየች እንዲህ አለች፤ እንዳለችው ጽፌልሃለሁ።

«ያኔ ሰማንያ ነው ብትዪው ኖሮ አርባ ቀን ጨምሬ ሚስቱ እሆን ነበር።»

የዓለምወርቅ